ሻዕባን ዋጠው የተባለው ወርቅ

ሻዕባን ሲያመው የሚጮኸው ጩኸት በሱዳን በረሃ የተኛ ግመል ያስነሣል ይባል ነበር። ግመሎቹን የጠየቀ ሰው የለም። በአሶሳ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ግን ጩኸቱን የሰማ ሁሉ «ሻዕባን ዛሬም ጮማ ቀምሷል» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። የለመዱት ስቃይ እንደ ዶሮ ጩኸት ነው፤ ሰዓት ይነግራል እንጂ አያስደነግጥም።

ሕመሙ የሚነሣው ከቀኝ ጎኑ፣ ከመጨረሻዋ የጎድን አጥንት ሥር ነበር። መጀመሪያ በጣት እንደሚነካካ ሰው ይነካካዋል። ቀጥሎ ክርኑን ያሳርፍበታል። በመጨረሻ ጦሩን ይዞ ይገባና ከሆድ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ቀኝ ትከሻ እየዞረ ቤቱን ይፈትሻል። ሻዕባን ያን ጊዜ እንደ ታጠበ ጨርቅ ይጨመቃል፤ የበላውን ይመልሳል፤ ያልበላውንም ይመልሳል። የዛሬ ሐኪም ቢያገኘው «የሐሞት ቱቦህ ውስጥ ጠጠር አለ» ብሎ በአንድ አፍ ይገላግለው ነበር። ነገሩ የሆነው ግን በ1890ዎቹ ነው። የመንደሩ ቁርኣን አስተማሪ፣ ፈቂው፣ አንቀጽ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ቀለሙን በውሃ አጥቦ አጠጣው፤ ጥቂት ቀን ተሻለው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጎኑን በጋለ ብረት ተኮሰው፤ አልተሻለውም። ሽማግሌው ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ነበርና ብረቱ እየተደጋገመ የሻዕባን ጎን የነብር ቆዳ መሰለ። ሕመሙ ግን ነብር አይፈራም።

ስለዚህ ሻዕባን ከሕመሙ ጋር፣ ሰው ከክፉ አማት ጋር እንደሚኖረው፣ የምትጠላውን ሁሉ እያወቀ መኖር ለመደ። የፍየል ጮማ አትወድም፤ ተወላት። የሰሊጥ ዘይት አትወድም፤ ተወላት። ሰርግ ሲጠራ ከድስቱ ርቆ፣ ነፋሱ ሽታውን በማያመጣበት በኩል ይቀመጣል። በማሽላ ገንፎና በባምያ ብቻ እየኖረ ከመክሳቱ የተነሣ፣ ፀሐይ ላይ ሲቆም ጥላው ከእሱ ይወፍር ነበር።

ሥራው የወርቅ ጉድጓድ መቆፈር ነው። በዚያ አገር ወንዶች ይቆፍራሉ፤ ሴቶች አፈሩን ወንዝ ወስደው በገበቴ ያጥባሉ። ሻዕባን ቀኝ ጎኑን ላለማጠፍ ወደ ግራ ተንጋድዶ ስለሚቆፍር ጉድጓዱም ወደ ግራ ይንጋደዳል። መንገደኛ ሁሉ አይቶ «ይሄ የሻዕባን ነው» ይላል። ሚስቱ ብኸይታ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ አፈሩን ትቀበላለች። የመቆፈሪያው ድምፅ ድንገት ቀጥ ሲል ቅርጫቷን ጥላ ትወርዳለች። ብዙ ጊዜ ወርዳለች።

ግብሩ በወርቅ ይሁን ከተባለ ወዲህ የመንደሩ ሹም ሼህ ረጀብ እንቅልፍ አልነበረውም። በዚያ ዓመት ደግሞ ዝናቡ ዘገየ፤ ወንዙ ቀጠነ፤ ሴቶቹ የሚያጥቡበት ውሃ ጠፋ። የወርቁ ብናኝ የሚቀመጥበት የአሞራ ላባ ቀፎ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ግብር ተቀባዩ ባሻ ገሠሠ ከደጋ ወታደሮቹን አስከትሎ ከች አለ።

በዚያው ሰሞን የሻዕባን ሕመም መጥቶ አልሄድ አለ። ሰውነቱን ያሳክከው ጀመር። ሽንቱ እንደ ጠቆረ ማር ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ከጎጆው ሲወጣ የዓይኑ ነጭ፣ ነጭ መሆኑን ትቶ ቢጫ ሆኖ ነበር። ደብዛዛ ቢጫ አይደለም። ዶሮ ብታየው ጫጩቴ ነው ብላ ልታቅፈው የምትችል ቢጫ ነው።

ወንዝ ዳር ይህን መጀመሪያ ያየችው ዓዲላ ነበረች። ዓዲላ ከአጣቢዎቹ ሁሉ እጀ ብልኋ፣ ከምላሰኞቹም ሁሉ ምላሰኛዋ ናት።

«ወርቁ የት እንደገባ አወቅሁ» አለች ገበቴዋን እያዞረች። «ሻዕባን ውጦታል። አላያችሁም? በዓይኑ እየወጣ ነው!»

ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀልዱም ከወንዙ ተነሥቶ ወደ መንደር ሄደ። መጀመሪያው ጎጆ ሲደርስ ሻዕባን የዋጠው የስንዴ ቅንጣት የምታህል ወርቅ ነበረች። ሁለተኛው ጎጆ ላይ ጭብጥ ሙሉ ሆነች። ሼህ ረጀብ ደጃፍ ስትደርስ ገበቴ ሙሉ ሆና ነበር። ሼህ ረጀብ ግን አልሳቀም። ወርቅ የጎደለው ሹም ሌባ ካገኘ ግማሽ ዕዳው እንደ ወረደለት ነው።

ሻዕባንን ከዋርካው ሥር አስረው አቆሙት። ባሻ ገሠሠ ቀርቦ የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቱ ገለጠ። ሼህ ረጀብ አማርኛን የለመደው ገበያ ውስጥ ነውና ወንዱንም ሴቱንም በአንድ አፍ ነው የሚጠራው። «ጌታው፣ ይሄ ሰውዬ ወርቅ በላች» አለ።

ባሻ ዓይኑን አየና ፊቱ ለሰለሰ። «ይሄማ ወፍ የሚባለው በሽታ ነው» አለ። «አክስቴን የገደላት ይኸው ነው። ዓይኗ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተችው።»

ሼህ ረጀብ ሳይወድ በአገሬው ቋንቋ፣ በበርታኛ፣ ተረጎመው። ብኸይታ ትንፋሽ አገኘች። ባሻ ግን ገና እያሰበ ነበር። ጢሙን አሸት አሸት አደረገ።

«ዳሩ ግን» አለ፣ «አክስቴ ወርቅ አትቆፍርም ነበር።»

ነገሩ በዚህ ተበላሸ። ደገኛ ሰው ያለ ኮሶ መንገድ አይወጣም። ባሻም ከስልቻው ኮሶውን አውጥቶ ፈረደ። ሻዕባን ይጠጣል፤ የወጣው ሁሉ ወንዝ ተወስዶ በገበቴ ይታጠባል። ወርቁ ከተገኘ ሌባ ነው፤ የሌባ ቅጣት ይታወቃል። ካልተገኘስ?

«ፍየል ስታርዱ አንጀቷን አታዩም?» አለ ባሻ፣ ወገቡ ላይ ያለችውን ካራ መታ መታ እያደረገ።

ብኸይታ ከሕዝቡ መካከል ወጥታ ከባሻ ፊት ቆመችና ወደ ሼህ ረጀብ ዞረች። «ያ ሼህ፣ ይህን ቃል በቃል ንገረው። ቢወጣ ትገድሉታላችሁ፤ ባይወጣ ሆዱን ትቀድዳላችሁ። እኔ ለየትኛው ልጸልይ?»

ሼህ ረጀብ መሬት መሬት እያየ ተረጎመ።

«አጠባውን እኔ ላድርገው» አለች።

«ሚስት ትደብቃለች» አለ ባሻ። «ከእናንተ እጇ የታመነ ማን ናት?»

ሁሉም ወደ ዓዲላ ዞሩ። ዓዲላ ወደ ሼህ ረጀብ ተጠግታ «ያ ሼህ፣ እኔ እኮ ስቀልድ ነው! ወላሂ ቀልዴን ነው!» አለችው።

«ቀልድሽ እኔ ቤት ሲደርስ ጢም አብቅሏል» አላት። «ሂጂ፤ ገበቴሽን አምጪ።»

ሻዕባን ኮሶውን ጠጣ። የቀረውን የመንደሩ ሰው ለብዙ ዓመት ሲያወራው፣ ሻዕባን የዚያን ዕለት የጨቅላነቱን ወተት ሳይቀር መለሰ ይላል። ጦረኛው ሕመም ኮሶውን ሲያገኝ አበደ። ሻዕባን ገመዱን እየጎተተ ዋርካውን ነቀነቀው። ትኩሳቱ እፊቱ ላይ ገንፎ ሊያበስል ምንም አልቀረው። ከሆዱ የወጣው ወደ ወንዝ ተወሰደ። ዓዲላ አዞረችው፣ አጠበችው፣ ፈለገችው። ወርቅ የለም። ዓይነ ምድሩ ራሱ እንደ አመድ ነጭ ነበር።

ይህ መልካም ዜና ይመስላል። ሼህ ረጀብ ግን የሚያስብ ሰው ነበርና አሰበ። «ቢጫው ሁሉ ወደ ዓይኗ ስለ ወጣች ነው ነጭ የሆነች። ወርቁ አሁንም ሆድ ውስጥ ናት፣ ጌታው።»

ባሻ ካራውን መዝዞ ድንጋይ ላይ ይስል ጀመር። የካራው ሽርክት ሽርክት ብቻ ይሰማል። በዚህ መካከል ሻዕባን በሕመም ብዛት አእምሮውን ሊስት ደርሶ ጮኸ።

«ቅደዱኝ! ውስጤ ያለውን አውጡልኝ! ወርቅም ከሆነ ውሰዱት፤ ሸይጣንም ከሆነ ውሰዱት፤ ብቻ አውጡልኝ!»

«ምን አለ?» አለ ባሻ።

ሼህ ረጀብ አመነታ። «ውስጤ ያለውን አውጡልኝ አለች፣ ጌታው።»

«አመነ!» አለ ባሻ ብድግ ብሎ።

ብኸይታ ዘላ ባልዋ ላይ ተጠመጠመች። ወታደሮቹ እጇን ያዙ፤ እጇን ሲያስለቅቁ የባልዋን ልብስ በጥርሷ ያዘች። ቀሚሷ ተቀደደ። «የሚያመው ሰው ነው! ሕመሙን ነው አውጡልኝ ያለው!» ትላለች፤ የሚተረጉምላት የለም። ባሻ ደርሶ የሻዕባንን ሆድ በግራ እጁ ዳበሰ፤ ከየት እንደሚጀምር የሚፈልግ ይመስላል።

ልክ ያን ጊዜ ሻዕባን ጸጥ አለ። ጭንቅላቱ ደረቱ ላይ ወደቀ። ብኸይታ አፏን ከፍታ ቀረች። ባሻ ጆሮውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«እያንኮራፋ ነው» አለ ግራ ገብቶት።

በእርግጥም ተኝቷል። ያ ሁሉ ጦር በአንድ ቅጽበት ከሆዱ ወጥቶ ሄዷል። ባሻ ብዙ ሌባ አይቶ ያውቃል፤ ካራ ሆዱ ላይ ሊያርፍ ሲል የተኛ ሌባ ግን አላየም። ነገሩ አስፈራው። ጠንቋይ ይሆን እንዴ? ካራውን ወደ አፎቱ መለሰ። «ኮሶው ሥራውን ይጨርስ» አለ። «ጠዋት እናየዋለን።»

ጠዋት መንደሩ ሁሉ፣ ከአራስ በቀር፣ ወንዝ ዳር ነበር። ሻዕባን እንደ ታሰረ መጣ። ባሻ ገሠሠ አፍንጫውን በነጠላው ጫፍ ይዞ ከዓዲላ ራስ በላይ ቆመ። ዓዲላ ቀጭኗን ውሃ በቅል እየጨለፈች በገበቴው ላይ አፈሰሰች። አንድ ጊዜ አዞረች። ሁለተኛ ስታዞር ከጭቃው መካከል የሽምብራ ቅንጣት የምታህል ነገር ብቅ አለች። ቢጫ ናት። በአንድ ጎኗም ታበራለች።

«ይኸውና!» አለ ባሻ። ድምፁ ወንዙን ማዶ ለማዶ አናጋው።

ሻዕባን ዓይኑን ጨፈነ። ብኸይታ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች።

ዓዲላ ብቻ አልተንቀሳቀሰችም። ገበቴዋን እንደ ያዘች ቢጫዋን ነገር ታያለች። ዓይኗን ወደ ብኸይታ አነሣች፤ ወዲያው መለሰች። ደግሞ ማዞር ጀመረች፤ በቀስታ፣ በየቀኑ እንደምታደርገው። ውሃው ሲዞር ጥቁሩ አሸዋ ከታች ቀረ፤ ቀላሉ አሸዋ ወደ ገበቴው ከንፈር ሄደ። ቢጫዋም ነገር ከቀላሉ አሸዋ ጋር፣ እንዲያውም ቀድማው፣ እየተንከባለለች መጣች። ዓዲላ በጣቷ አስቆመቻት።

«ወርቅ አይደለም» አለች።

«ምን ማለቷ ነው? ቢጫ አይደለም እንዴ?» አለ ባሻ።

«ዱባም ቢጫ ነው በለው» አለች ለሼህ ረጀብ። «ወርቅ ሰነፍ ነው፤ ከታች ከተኛ አይነሣም። ይሄ ሊያመልጠኝ ነበር።»

«ትዋሻለች! ለጎረቤቷ ነው የምታደላው!» አለ ባሻ።

ዓዲላ ቢጫዋን ነገር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖረች። ከወንዙ ዳር አንድ ድብልብል ጠጠር አንሥታ ለባሻ ዘረጋችለት። «ራሱ ይምታት። ወርቅ ሲመቱት እንደ ቂጣ ይጠፈጠፋል እንጂ አይሰበርም። ይሄን የማያውቅ ሕፃን እዚህ አገር የለም።»

ባሻ ጠጠሩን ተቀበለ። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ብኸይታ የቀሚሷን ጫፍ ነክሳለች። ባሻ መታ።

ክስክስ አለች። እንደ ደረቀ ጭቃ ተፈርፍራ ዱቄት ሆነች። ባሻ አላመነም፤ ዱቄቱን በጣቱ ነክቶ ወደ ምላሱ አስጠጋ። ወዲያውም ፊቱ እንደ ቆዳ ተኮማተረ፤ ተፋ፤ እንደገና ተፋ፤ ከወታደሮቹ ውሃ ተቀብሎ ተጉመጠመጠ። ከየት እንደ ወጣች ትዝ ያለው ኋላ ነው መሰለኝ፣ ዳግመኛ ተጉመጠመጠ።

«ሐሞት ነው» አለ በመጨረሻ። «ይህ ሰው ሆዱ ውስጥ ሐሞት አርግቶ ድንጋይ ይሠራል።» ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሼህ ረጀብ ዞረ። «እንግዲያ ወርቁን የዋጠው ማነው?»

ከሰዉ መካከል አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሼህ ረጀብ ዓይን ተመለከተ። ሼህ ረጀብ ዓይኑን ወደ መሬት ቀበረው፤ ለብዙ ቀንም ቀና አላደረገውም። የጎደለው ወርቅ በስተ መጨረሻ ከእሱው ፍየሎች ሽያጭ ተሞላ። ባሻ ገሠሠ ለአለቆቹ ምን ብሎ እንዳስረዳ አይታወቅም።

ሻዕባንን ፈቱት። መራመድ ስላልቻለ ብኸይታ አዘለችው። ከባድ ነበር አትልም፤ ነፋሱ እንዳይወስድባት ብቻ ፈራች። ጨረቃዋ ሞልታ ሳትጎድል ዓይኑ ነጣ፤ ማሳከኩም ቀረ።

ድኗል ማለት ግን አይደለም። ሆዱ ድንጋይ መሥራቱን አልተወም፤ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሕመሙ መጣ። ከዚያም ወዲህ ይመጣል፣ ይሄዳል። ወታደሮች በአካባቢው ካሉ ሻዕባን አይጮኽም፤ የመቆፈሪያውን እጀታ ይነክሳል። ሕመሙ በመጣበት ጊዜ ሁሉ ዓዲላ ሳትጠራ ትመጣለች። ጮማ የሌለው ገንፎ ትይዛለች። ሻዕባንን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ የዓይኑን ቆብ ገልጣ ታያለች፤ ከዚያ ለመንደሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ «ነጭ ነው!» ትላለች።

አንድ ጊዜ፣ ሌላ ግብር ተቀባይ መንደር ውስጥ ሳለ፣ የዓይኑን ቆብ ገልጣ ብዙ ቆየች። ብኸይታ ፊቷን እያየች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓዲላ ቆቡን ቀስ ብላ መለሰችው። ከራሷ ላይ ሻሿን ፈትታ ሻዕባንን እስከ አፍንጫው ሸፈነችው፤ ወደ ደጅም ወጣች።

«ነጭ ነው!» አለች። «ወተት ነው! እንዲያውም የሼህ ረጀብን ዓይን እዩ!»