የእታለም አቋራጮች

ሐኪሙ «ጣቶችሽን ካላሳረፍሻቸው ቀዶ ሕክምና ነው» ካላት ወዲህ፣ በውሃ ጥገና ክፍል ትእዛዝ የምታስተላልፈው እታለም ለሠራተኞቹ መልእክት ለምትልክበት ቻት አቋራጭ መጻፍ ጀመረች። ቻቱ ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ጥቁር መስኮት ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው። «/ዝ 4» ብላ ስትመታ፣ «የአራተኛውን መስመር መዝጊያ ዝጉ፤ ስትጨርሱ አሳውቁ» የሚል ሙሉ መልእክት ይሄዳል። አለቃዋ «ፍጥነትሽ ካልተመለሰ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወሪያለሽ» ብሏታል። ሃያ ዓመት የተቀመጠችበትን ወንበር ለማትረፍ ሌላ መላ አልነበራትም።

ነገሩ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ቧንቧ ሠራተኞቹ መልእክቱን አላመኑትም።

«እታለም፣ እውነት አንቺ ነሽ?» ብሎ ይጽፍላታል አንዱ ከጉድጓድ ውስጥ።

«ታዲያ ማን ልሁን?»

«እንደ ወትሮሽ አልተሳደብሽማ። ዝም ብለሽ ዝጉ ስትይ ፈራሁ።»

«ዝጋ ብያለሁ፣ ዝጋ።»

ይህን በቀን ሠላሳ ጊዜ ስትጽፍ፣ አቋራጩ ያስቀረላትን ድካም ጣቷ መልሶ ተሸከመው። ደግ ቃል የማይስማማቸው ሰዎች።

ቢቸግራት ስድቡን አቋራጩ ውስጥ ከተተችው፤ ለያንዳንዱ የየራሱን። ከእናቱ ጋር ለሚኖረው ቀርፋፋ፣ ኤሊ ለምትለው ሠራተኛ፣ «/ኤ 4» ስትመታ የሚደርሰው ይህ ነበር፦ «አንተ ኤሊ፣ እናትህ እስክታጎርስህ ነው የምትጠብቀው? ተነስና 4ን ዝጋ።» ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ ጠፋ። አለቃውም ስለ ግምጃ ቤት ማንሳቱን ተወ።

ኤሊ እናቱን ቀብሮ ሥራ በገባበት ጠዋት አራተኛው መስመር ፈነዳ። እታለም ራሷ ቀብሩ ላይ ተገኝታ ነበር፤ እጇ ግን የለመደውን «/ኤ 4» መታ። መልእክቱ መስኮቱ ላይ ከወጣ በኋላ አነበበችው። የሄደ መልእክት አይመለስም።

ጥቂት ቆይቶ ኤሊ «ተነስቻለሁ። ዘግቻለሁ» ብሎ ጻፈ።

የእሱን አቋራጭ ከዝርዝሩ ሰረዘችው። ከዚያ በማያማት አንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል «ወንድሜ፣ አጥፍቻለሁ» ብላ ጀመረች። ሦስት ትእዛዞች ወረፋ ይዘው ቆመዋል።

አለቃው ከኋላዋ መጣ። «ምን ነካሽ? በአቋራጭ አትልኪውም?»

«ለዚህ አቋራጭ የለም» አለች፣ ሳትዞር።

«ሰው ውሃ እየጠበቀ ነው እኮ።»

«ይጠብቅ። ግምጃ ቤቱም ይጠብቅ» አለችና ቀጣዩን ፊደል ፈለገች።