ዛዶክ ግማሹን ሰምቶ ወጣ

ዛዶክ በደላዌር ወንዝ ዳር ሰው በጀልባ ሲያሻግር ሃያ ዓመት ኖሯል። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሁለት ወንድሞቹ ሞተውበታል። ግዛቱን ደላዌርን ትንሽ ናት ብሎ ለሚያሾፍ መንገደኛ፣ "እሷ ትንሽ ብትሆንም የሞቱላት ትንሽ አይደሉም" ይለው ነበር።

በ1787 እ.ኤ.አ. መጸው፣ ከየግዛቱ ተልከው በፊላደልፊያ በር ዘግተው የከረሙት ሰዎች ያረቀቁት ሕገ መንግሥት ታትሞ መጣ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሌቪን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ዛዶክ ደጃፉ ላይ ቆሞ አዳመጠ። ለቨርጂኒያ አሥር እንደራሴ፣ ለፔንሲልቫኒያ ስምንት፣ ለደላዌር አንድ።

ክው አለ። እስከዚያ ቀን የግዛቶቹ የጋራ ምክር ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ ትልቁም ትንሹም ግዛት እኩል አንድ ድምፅ ነበረው።

"በቃ ዋጡን" አለና ቀሪውን ሳይሰማ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ለተሻገረ ሁሉ ይህንኑ አወራ። ሕጉን የሚያጸድቁ ወይም የሚጥሉ ሰዎች ሊመረጡ ቀኑ ተቃርቦ ነበርና ብዙዎች፣ "ዛዶክ ካለ እንጥለዋለን" አሉ።

ሚስቱ ኮምፈርት ግን፣ "ስትናደድ እኮ እግርህ ከጆሮህ ይቀድማል። እስከ መጨረሻው ሰምተሃል?" አለችው።

"የእባቡን ራስ ያየ ሰው ጅራቱን ሊያይ ይቆማል?"

አንድ ማለዳ ሰባኪው ኢሊሁ ተሳፈሩ። ዛዶክ የተለመደውን ሲጀምርላቸው ሳቁ።

"ወንድም ዛዶክ፣ ሁለተኛውን ምክር ቤት የት ጣልከው?"

"የምን ሁለተኛ?"

ጋዜጣ ከኪሳቸው አወጡ። "ትልልቆቹ በሕዝባችን ብዛት እንቆጠር አሉ፤ ትንንሾቹ እኩል ካልሆንን እንሄዳለን አሉ። በስንት ጭቅጭቅ ታረቁና አንዱ ቤት በሕዝብ ብዛት ሆነ፤ በሌላው፣ በሴኔቱ፣ ለእያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሰው። ሁለቱም ቤት ካልተስማማ ሕግ አይወጣም።"

"ለቨርጂኒያስ?"

"ሁለት።"

"ለእኛስ?"

"ሁለት አልኩህ እኮ።"

መቅዘፊያው ከእጁ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። "ነገ ቢነጥቁንስ?"

"ግዛቲቱ ራሷ ካልፈቀደች እኩልነቷን ማንም አይነካም ይላል። አሁን ቅዘፍ፤ ውኃው ይዞን እየሄደ ነው።"

ዛዶክ ቀዘፈ፤ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። አሁን ያስደነገጠው ሕጉ ሳይሆን የገዛ አፉ ነበር። የስንቱን ልብ አሸፍቷል! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምርጫው ገና ስድስት ቀን ይቀረው ነበር።

ጋዜጣውን ለምኖ ተቀበለና ጀልባውን አስሮ በየቤቱ ዞረ። የመጀመሪያው ጎረቤት ነገሩን ሰምቶ፣ "አንተ ሰው፣ እኛንስ እስከ ወንዙ ግማሽ ነው የምታሻግረን?" አለው።

"ስደበኝ፣ ይገባኛል" አለ ዛዶክ። እሱ ራሱ ማንበብ ስለማይችል ጋዜጣውን ለጎረቤቱ ዘረጋለት። "ብቻ አንብበው። እስክትጨርስ ከዚህ አልነሳም።"