ቢላ ያልነካው ሂና

በአሶሳ ዳርቻ፣ መንገዱ ወደ ጅረቱ በሚወርድበት በኩል፣ ከብኸይታ የቀርከሃ አጥር ሥር አንድ የሂና ቁጥቋጦ ነበር። ያመጣው ባሏ ረጀብ ነው። ረጀብ ነጋዴ ነበር። ከሱዳን ገበያ ከሮሴሬስ ሲመለስ አንዲት የሂና ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቅል ውስጥ አቁሞ፣ አህያው ላይ ጭኖ መጣ። ጨውና ጨርቅ የጠበቁ ጎረቤቶች ሳቁበት። እሱ ግን ጭነቱ ሳይራገፍ ጉድጓድ ቆፈረላት። ብኸይታ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ የሠርጓ ሂና ከእጇ ገና አልለቀቀም።

«ቢላ አታስነኪው» አላት አፈሩን በመዳፉ እየደለደለ። «የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ የምቆርጥልሽ እኔ ነኝ። ከዚሁ ትሞቂያለሽ።»

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ረጀብ ከነጋዴዎቹ ጋር ወደ ቆላ ወረደ። የድርቡሽ ዘመን ማብቂያ ነበርና በየመንገዱ ጦር ይመላለሳል። አብረውት ከሄዱት ጥቂቶቹ ተመለሱ። አንዱ ንዳድ ይዞት ከአንድ መንደር ትተነዋል አለ። ሌላው ደግሞ ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ከሩቅ ያየሁት መስሎኛል አለ። ሞተ ብሎ የማለ የለም፤ አለ ብሎ የማለም የለም። ብኸይታ እንዲህ በሁለት ወሬ መካከል ቀረች።

የዕቃ እጣቢዋን ሌላ ቦታ አትደፋም፤ ከሂናው ሥር ነው። ምስጥ እንዳይበላው የምድጃዋን አመድ ዙሪያውን ትነሰንስለታለች፤ የፍየል በጠጥ ትቀብርለታለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጠገቡ ትቀመጥና ምንም ሳትሠራ ትቆያለች። አበባው መጀመሪያ ሲወጣ እንደ ማሽላ ራስ በዘለላ ተንዠርግጎ፣ ደቃቅና ነጭ ሆኖ ነበር። ሽታው ከአጥሩ አልፎ መንገድ ይወርዳል። ብኸይታ ዓይኗን ስትጨፍን ያ ሽታ ጅረቱን ሲሻገር፣ ሣሩን ሲከፍል፣ በማታውቃቸው መንደሮች ሲያልፍና አንድ የተኛ ሰው ሲቀሰቅስ ይታያታል። ሰውዬው ይነሣል፤ ጫማውን ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ሕልሙ አይሄድላትም።

ወርቅ ለማጠብ ጅረት የሚወርዱ ሴቶች በአጥሯ ሲያልፉ «የብኸይታ ባል አጥር ሥር ቆሟል፤ ውኃ እያጠጣችው ነው» ይሉ ነበር። መጀመሪያ ለቀልድ ነው ያሉት። ክረምት በክረምት ላይ ሲደራረብ ቀልዱም ሳቅ አጣ፤ የምትኖርበትን ቦታ ለማያውቅ ሰው መጠቆሚያ ሆኖ ቀረ።

ሂናው ግን ከአጥሩ በላይ ዘለቀ። ማንም አልቆረጠውምና ውስጥ ለውስጥ ተጠላለፈ፤ እንጨቱ ጠነከረ፤ ድሮ ለስላሳ የነበሩት ቅርንጫፎች ጫፋቸው ሾለ። አበባው እየቀነሰ ወደ ላይ ወደ ላይ ሸሸ፤ በመጨረሻም እስከ ናካቴው ሳያብብ አንድ ክረምት አለፈ። ብኸይታ ውኃ አነሰው ብላ ውኃ ጨመረች።

በተከታዩ በጋ ጎረቤቷ ዓዲላ መጣች። ዓዲላ አሮጊት ናት፤ ብኸይታን በሙሽርነቷ ሂና የቀባቻት እሷ ነበረች። ልጇ ኢቲዳል ልትዳር ነው። መንገዱ ተዘግቶ ከቆላ ሂና የሚያመጣ ነጋዴ አልመጣም፤ ሙሽራ ደግሞ ሂና ባልነካው ነጭ እጅ አትሸኝም። ስለዚህ ከዛፉ ላይ ቅጠል እንድትሰጣት ለመነቻት። ብኸይታ ረጀብ ሳይመጣ ቢላ እንደማይነካው ነገረቻት። ዓዲላ አልተቆጣችም። ወደ ቁጥቋጦው ተጠግታ እጇን ሰደደችና ተወግታ መለሰች።

«ልጄ፣ ያልተቆረጠ ሂና እሾህ ነው የሚያበቅለው» አለች ጣቷን እየመጠጠች። «አበባ የሚይዘው አዲስ የወጣው ቀንበጥ ነው። አንቺ እየጠበቅሽው መስሎሽ እየገደልሽው ነው።»

እሷ ከሄደች በኋላ ቀትሩ ከበደ። ብኸይታ ቁጥቋጦው ሥር በጎኗ ጋደም አለች። ፀሐዩ በቅርንጫፎቹ መካከል እየተንጠባጠበ ፊቷ ላይ ሲወርድ እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ ሳይለይላት ረጀብን አየችው። ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። በዕድሜ ያው ነው፤ አንድ ቀን አልጨመረም። በሩን እየፈለገ ነው፤ ግን ሂናው በሩን ሸፍኖታል። በዚህ ና ልትለው ፈልጋ አፏ አልታዘዝላት አለ። እሱም ጥቂት ቆሞ፣ ማንንም ሳይወቅስ፣ በመጣበት መንገድ ተመለሰ።

ስትነቃ እጇ ከቁጥቋጦው ውስጥ ነበር። አንዱን እንጨት ጎተት ስታደርገው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሌላውን ሞከረች። እሱም ደርቋል። ከላይ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት ቅጠል ቀርቶታል። ብኸይታ የተሰበረውን ይዛ ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ እንኳ ደክሟት ነበር። ከዚያ ተነሥታ ቢላዋን ከቤት አመጣች።

ቆርጣ ስትጨርስ ከመሬት እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉቶ ብቻ ቀረ። አረንጓዴውን ቅጠል ለቅማ፣ ጥላ ላይ አድርቃ፣ ወቅጣ ለዓዲላ ወሰደችላት። ትንሽ ነበር፤ ለአንዲት ሙሽራ ግን በቃ።

ሂናው በሚቀባበት ቀን ሴቶቹ ኢቲዳልን ከበው እየዘፈኑ ሳለ ዓዲላ ከሳህኑ የተረፈውን ይዛ ወደ ብኸይታ ዞረች። ቅጠሉ ያንቺ ነው፣ እጅሽን አምጪ አለቻት። ብኸይታ እጇን ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም።

«ለእኔ አይሆንም፣ እማ ዓዲላ» አለች በቀስታ። «ሐዘን ላይ ያለች ሴት ሂና አትሞቅም።»

ዓዲላ ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። ያን ሁሉ ክረምት ያልተባለው ቃል፣ የረጀብ ሞት፣ በዚህ ተባለ። በቅርብ የተቀመጡት ሴቶች ሰምተው ዘፈኑ ላልቶ ነበር፤ አሮጊቷ ግን በዓይኗ አስቀጠለቻቸውና ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ ሙሽራይቱ እስክትወጣ ሐዘኑን እንድታቆይላት ለመነቻት።

ብኸይታ ፈገግ አለች። «ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀ ሐዘን ለሠርግማ ይጠብቃል» አለች።

ሙሽራይቱ ከሄደች በኋላ ፈቂ ማህጁብ፣ የመንደሩን ልጆች ቁርኣን የሚያስተምሩ ሽማግሌ፣ መጥተው ለረጀብ ዱዓ አደረጉ። ብኸይታም ባሏ ለሞተባት ሴት ሕጉ እንደሚያዘው ነጭ ለብሳ፣ ሽቶና ጌጥ ትታ ቤቷ ተቀመጠች። ዝናቡ ገባ። ቀርከሃው ቀን ከሌት ይንሿሿል፤ መንገዱ በሣር ተዋጠ። ጉቶው መጀመሪያ የሞተ ይመስል ነበር። ቆይቶ ከቅርፊቱ ሥር ቀይ ቀይ ዓይን ፈነዳ፤ ዓይኑ ቀንበጥ ሆነ፤ ቀንበጡ እየተለመጠ ተመዘዘ። አጥሩን ሳያልፍ፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ ጫፉ ሁሉ ነጭ ዘለላ ያዘ።

ሽታው ቤቷን ሞላው። ብኸይታ የሐዘኗ ጊዜ አላለቀም ነበርና ደነገጠች። ሰሌኗን ወደ ጓሮ በኩል አዞረች፤ ሽታው ተከተላት። በሩን ገርበብ አደረገች፤ በቀርከሃው ግድግዳ ቀዳዳ ገባ። ዓዲላ ገንፎ ይዛ ስትመጣ ኃጢአት እንዳይሆንባት ፈቂውን እንድትጠይቅላት አደራ አለቻት። አሮጊቷ ሄዳ ተመለሰች።

«‹ተቀብታዋለች?› አሉኝ። የለም፣ ንፋስ ነው የሚያመጣው አልኳቸው። ‹እንግዲያ ንፋሱን ማን ይከለክለዋል?› አሉ።»

ዓዲላ ከወጣች በኋላ ብኸይታ ተነሥታ በሩን ከፈተችው። ሰሌኗንም ወደ ቦታው መለሰች። ሽታው እንደ ድሮው ወደ መንገዱ መውረድ ያዘ፤ እሷም እስከ ጅረቱ ድረስ በሐሳቧ ሸኘችው። ከዚያ ወዲያ አልተከተለችውም።