በሕይወት የለችም

ማዳም የመኝታ ክፍሌ በር ላይ የተሰቀሉትን ሁለት ወፍራም ጃኬቶች አይታ ሳቀች። ሐምሌ ነበር። ዶሃ፣ አል ዱሃይል ውስጥ በሐምሌ ቆሻሻ ደፍተው እስኪመለሱ እንኳ ፊት ያቃጥላል።

«ምንድን ነው ይኼ? ፍሪጅ ውስጥ ልትተኚ ነው?»

«አንዱ ለእህቴ ልጅ ነው፣ ማዳም። አውስትራሊያ ልትሄድ ነው። እዚያ አሁን ብርድ ነው አሉ።»

«ሁለተኛውስ?»

«ኢንሻአላህ» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የእህቴ ልጅ ያልኳት የራሴ ልጅ ናት። ወደ ዶሃ ስመጣ ደላላው «ልጅ ያላትን ማዳሞቹ አይወስዱም፤ ልቧ አገር ቤት ነው ይላሉ» አለኝና ፎርሙ ላይ ያላገባች፣ ልጅ የሌላት ተብሎ ተሞላ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ያን ማንበብ አላቃተኝም። አንብቤ ፈረምኩ። ብዙዎቻችን የመጣነው እንዲሁ ነው። ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ ለታናሽ እህቴ ትቻት መጣሁ።

አንድ ጊዜ ለእረፍት ሄጄ አየኋት። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እህቴ ልጄን ይዛ በሱዳን በኩል አድርጋ ካምፓላ ገባችና ስደተኛ ሆነው ተመዘገቡ። ዓመታት ካለፉ በኋላ አውስትራሊያ የሚኖሩ ያገራችን ሰዎች ሊጠሯቸው ተስማሙ። እህቴ «የሰብአዊነት ቪዛ ይባላል» አለችኝ።

እኔ ሁሉን ነገር ሁለቴ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ስለ ቪዛው ሳጠያይቅ ከሰማሁት ሁሉ አንዱ ልቤ ውስጥ ቀረ። ልጅ እዚያ ከገባች በኋላ እናቷን መጥራት ትችላለች፤ ይህ የሚሆነው ግን እናቷ መኖሯ ከመጀመሪያው ፎርሙ ላይ ከተጻፈ ነው። ያኔ ያልተጻፈ ሰው በኋላ አለሁ ቢል አያምኑትም።

«ስሜን ጽፈሻል?» አልኳት እህቴን።

«ጽፌያለሁ።»

«ኳታር እንዳለሁም?»

«ኧረ ጽፌያለሁ አልኩሽ! ፖሊስ ሆንሽብኝ እኮ።»

«ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።»

«እንግሊዝኛ ነው፣ ምን ታደርጊበታለሽ? የእናታችን አጥንት ይውጋኝ፣ ጽፌሻለሁ።»

በሞተች እናት አጥንት የማለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? ሁለተኛውን ጃኬት ለራሴ የገዛሁት በዚያ ሳምንት ነው። ለብሼ በቪዲዮ ሳሳያት «ቀለሙ ያምርብሻል» አለችኝ።

ጉዟቸው በዶሃ በኩል ሆነ። አምስት ሰዓት ይቆያሉ። የሚያልፍ መንገደኛ እንደማይወጣ፣ እኔም እንደማልገባ አውቃለሁ። ቢሆንም ከልጄ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መሆን ፈለግሁ። ማዳምን አስፈቅጄ የልጄን ጃኬት በፌስታል ይዤ ኤርፖርት ሄድኩ። እዚያ ጽዳት የምትሠራ ያገሬን ልጅ አድርሽልኝ ብዬ ለመንኳት። «እህቴ፣ ዕቃ ይዤ ከተገኘሁ ያባርሩኛል» አለችኝ። እውነቷን ነው።

አንድ ጥግ ተቀምጬ በኢሞ ቪዲዮ ደወልኩ። ልጄ አነሳችው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አፍንጫዋ የእኔ ነው። የወረቀታቸው ቦርሳ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አክስትሽስ?»

«ሽንት ቤት ሄደች። ቦርሳውን እንዳትለቂ ብላኛለች።»

«አንቺ እንግሊዝኛ ታነቢ የለ? እስቲ የፎርሙን ኮፒ አውጪና እናት የሚለውን አንብቢልኝ።»

ቦርሳውን በሁለት እጇ ያዘችው እንጂ አልከፈተችውም።

«እማ፣ ማንበብ አያስፈልገኝም።»

«ለምን?»

«በሕይወት የለችም ነው የሚለው። በጦርነቱ ሞተች። ኢንተርቪው ላይ ሲጠይቁኝ እኔም እንደዚያ ብያለሁ። አክስቴ አስጠንታኝ ነው። እንዳትነግሪያት ብላኝ ነበር።»

«አለቀስሽ?» አልኳት። ለምን ይህን እንደጠየቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አዎ። ለዚያ ነው ያመኑኝ።»

ምስሉ ተነቃነቀና የእህቴ ፊት መጣ።

«ነገረችሽ?»

«ገደልሽኝ» አልኳት።

«ምን ላድርግ? እናቷ አለች ብል ፈቃዷን አምጪ ይሉኛል። አንቺ ፈቃድ ስትሰጪ ፓስፖርትሽ ይታያል፤ የገባሽበት ወረቀት ልጅ የለኝም ይላል! ማን አስጻፈው? እኔ?»

«በእናታችን አጥንት ማልሽልኝ እኮ።»

«ባልምል ታስቀሪያት ነበራ! ዘጠኝ ዓመት ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በሰው ፊት እማ እንዳትልሽ ነግሬያታለሁ፤ እንዳትቀየሚያት።»

ብትነግረኝ እሺ እል ነበር። ልጄ እንድትሻገር ሙቺ ብትለኝ በገዛ እጄ እፈርም ነበር። እሷ ግን ሳትጠይቀኝ ቀበረችኝ፤ ከቀበረችኝም በኋላ ጃኬት ለብሼ ስታየኝ ቀለሙ ያምርብሻል አለችኝ። ማንበብ የማልችለውን ወረቀት መርጣ፣ መጠራጠር የማልችለውን መሐላ መርጣ ነው ያታለለችኝ።

አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ከፊቴ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሄጄ «እናቷ እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም» ብዬ ብነግረው ጉዞው ይቆማል፤ ልጄ ወደ ካምፓላ ትመለሳለች። እህቴ ይህን ታውቃለች። እንደማልናገርም ታውቃለች። ዝምታዬን እንደ አንድ ወረቀት ቦርሳው ውስጥ ከትታው ነው የመጣችው።

«ልጄን ስጪኝ» አልኳት።

ልጄ ስትመጣ «ከአውሮፕላን ስትወርጂ ደረትሽን ሸፍኚ» አልኳት።

«እሺ» አለች። አክስቷን ዞር ብላ አየቻት። ምን ብላ እንደምትጠራኝ ግራ ገባትና «ቻው» ብቻ ብላ ዘጋችው።

ቤት ስመለስ ማዳም ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች። ፌስታሉን አየች።

«አገኘሻት? የማን ልጅ ነበር ያልሽኝ?»

ዘጠኝ ዓመት «የእህቴ ልጅ» ስል አንደበቴ ተይዞ አያውቅም። ያን ቀን ተያዘ።

«አላገኘኋትም፣ ማዳም» አልኩ።

«ሚስኪን! ኸላስ፣ ጃኬቱን ለሌላ ሰው ስጪው።»

ክፍሌ ገብቼ ከእኔ ጃኬት ጎን መልሼ ሰቀልኩት።