እንዳላማው ካምቢዮ ያሳጠበ ጊዜ

የአምበሩ እህል ነጋዴ እንዳላማው ግማሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ከሰው ሲጣላ እስከ ሰባት ቤት ይጣላል፤ ሲጾም ጎረቤቱም አብሮ እንዲራብለት ይፈልጋል። በወጣትነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር። አንድ ተማሪ በቅኔው ቢስቅበት፣ ቅኔውንም ተማሪውንም መምህሩንም በአንድ ቀን ትቶ ጤፍ ንግድ ገባ። ጤፍ ስለማትስቅበት አብረው ሰነበቱ።

እግዜር ሀብት ሲሰጠው ልጅ ነሳው። ሚስቱ የብርጓል ስለቷን ለየታቦቱ አዳርሳ ስታበቃ ዝም አለች። እሱ ግን የሰው ልጅ ባየ ቁጥር ኪሱን ለከረሜላ መዳበሱን አልተወም። በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ቁይ የሚኖረው የልጅነት ጓደኛው ዓለምነው ወንድ ልጅ ወለደና «የክርስትና አባቱ አንተ ነህ» ብሎ ላከበት። እንዳላማው ጓዳ ገብቶ አለቀሰ። የልጁ አርባ ቀን የሚውለው በዐቢይ ጾም፣ ቅዳሜ ነበር። አርባ ቀን ደግሞ ቀጠሮ አይሸጋገርለትም፤ የክርስትና አባት ቢቀር ሌላ ይቆማል፣ ልጁም ዕድሜ ልኩን የዚያ የቆመው ሰው ልጅ ነው።

እንዲህ ላለው ቀን በሰው መኪና አይኬድም። እንዳላማው የራሱ ነበረችው፤ ያውም አውቶማቲክ። ያን ጊዜ አምበር ውስጥ ፍሪሲዮን የማይረገጥላት መኪና እሷ ብቻ ስለነበረች ገበያተኛው እየከበበ «ማርሿን ማነው የሚቀይርላት?» ይለዋል። «ራሷ ናት» ይላል፣ አምጦ የወለዳት ይመስል። በዚህ ሁሉ ኩራት መካከል የካምቢዮ ዘይቷን የነካላት ሰው አልነበረም።

ጾሙ ሊገባ ሲል ደብረ ማርቆስ ፈንታ የሚባል መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። ፈንታ ዘይቱን በጣቱ አሻሽቶ አሸተተ።

«ጋሼ፣ ይሄ ተቃጥሏል። ከሥር ፈትቼ የወረደውን ያህል ላውርድና በልኩ አዲስ ልጨምር። ግማሹ ውስጥ ይቀራል፤ እሱን ከወር በኋላ እንደግመዋለን።»

«ያ ማሽንስ?» አለ እንዳላማው ወደ ጥግ እያየ።

«የካምቢዮ ማጠቢያ ነው። አሮጌውን እስከ ጠብታው ገፍቶ ያወጣል። ለእርስዎ መኪና ግን እፈራለሁ። ውስጧ አልቋል፤ አሁን እንዳትንሸራተት የያዘላት አሮጌው ዘይት ውስጥ ያለው፣ ከውስጧ የተፋቀ ደቃቅ ሳይሆን አይቀርም።»

እንዳላማው ነገሩን በነጋዴ ሚዛን አስቀመጠው። ማሽን የገዛ ሰው በማሽኔ አትታጠቡ ካለ፣ ወይ ማሽኑ ተበላሽቷል ወይ ሰውየው ሰነፍ ነው። ጤፌን አትግዙኝ የሚል ነጋዴ አይቶ አያውቅም። በዚያ ላይ ሳምንቱ ቅበላ ነው፤ ቤት የብርጓል ቅቤ የነካውን ድስት ሁሉ ለጾሙ በአመድ እየፈተገች ነው።

«ሚስቴ ድስቷን ግማሹን አጥባ ግማሹን ከነቅቤው ብትተወው የንስሐ አባታችን ምን ይሉናል?» አለው።

ፈንታ መኪና እንደማይጾም ሊነግረው ቃጣና የጋሼን የተቋጠረ ግንባር አይቶ ተወው። ማሽኑን ሰካ።

ቤት ሲመለስ የብርጓል ወሬውን ሰምታ «እርሾ እንኳ አላስቀራችሁባት?» አለች።

«መኪና ሊጥ አይደለችም» አላት። ድስት መሆኗን ግን አልተጠራጠረም።

መኪናይቱ ሜዳ ሜዳውን ደህና ስትሄድ ሰነበተች። እንዳላማውም ያገኘውን ሁሉ «አያችሁ?» እያለ ከረመ።

የክርስትናው ቅዳሜ ማለዳ እሱ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ የብርጓል ለልጁ የገዛችውን ልብስ ታቅፋ ወደ ቁይ ተነሡ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን መሄዷን ተወች። ነዳጅ ቢጨምርላት ይብስ ጮኸችና ወደ ኋላ ሸተት አለች። የብርጓል ወርዳ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፈች።

ብዙም ሳይቆይ ገበያተኛ የጫነ ሚኒባስ ደረሰ። በመስኮት ብቅ ያለው ፈንታ ነው፤ ቁይ ጤፍ ሊሸምት መሄዱ ነበር። አምበር ላይ ከእንዳላማው ለምን እንዳልሸመተ ማንም አልጠየቀውም።

«ጋሼ፣ እሷን ይተዉአትና ይግቡ። ቦታ አለ።»

«ቀዝቀዝ ስትል ትነሣለች። ሂዱ፣ እቀድማችኋለሁ።»

«እንዳላማው፣ ቄሱ አይጠብቁም» አለች የብርጓል።

ግማሽ መንገድ በራሱ መኪና፣ ግማሹን በሰው ሚኒባስ ተጉዞ የክርስትና አባት ሊባል ነው? አልገባም። እሷ ገባች። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ የያዘውን ዘይት እየጨመረ፣ ከሥሯ ገብቶ እየዳበሰ ረፋዱን ጨረሰ። እንጨት የጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ቁይ ሲደርስ ቅዳሴው ወጥቷል።

ልጁ ማዕተቡን አስሮ ተኝቷል። የተኛው በፈንታ ክንድ ላይ ነው።

«ቄሱ ‹አባት የሚሆነው የታለ?› ሲሉ ያቆምሁት እኔ ነኝ» አለች የብርጓል። ዐይኗ ቀልቷል። «ጭራሽ ከማናውቀው ሰው ይሻላል ብዬ ነው።»

ፈንታ አፍሮ ልጁን አቀረበለት። «ይያዙት ጋሼ።»

እንዳላማው እጁን ዘረጋና አየው፤ እስከ ክንዱ ዘይት ነው። ልጁ የለበሰው ነጭ ነው። «ልታጠብ» ብሎ ውኃ ፍለጋ ሄደ። ዘይቱ በውኃ ብቻ አልለቅ አለው፣ በአሸዋ ፈትጎ ሲመለስ ልጁ ሊጠባ ወደ እናቱ ተወስዷል። ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቀው ሰው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፎ አለቀሰ።

ልጁ አሁን ተማሪ ነው። በፋሲካ ማግስት የክርስትና አባቱን ሊጠይቅ ከዓለምነው ጋር ወደ ማርቆስ ሲሄድ አምበር ላይ መኪና ይቀይራሉ። እንዳላማው ቀኑን ስለሚያውቀው ሱቁን ዘግቶ መናኸሪያ ይቆማል። ልጁ ጨዋ ነው፤ ዝቅ ብሎ «እንደምን ዋሉ ጋሼ?» ይለዋል። እንዳላማው ጥቂት ሊያጫውተው ትምህርቱን ይጠይቀዋል። ልጁም አንድ ሁለቱን መልሶ «የክርስትና አባቴ እየጠበቀኝ ነው» ይልና ወደ ማርቆሱ ሚኒባስ ይሮጣል።