ጋሽ ተካ ስለ ሾርባ አልተናገሩም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ልጄ ሶስና ከሳሎን ተጣራች። «ማማ፣ ቶሎ ነይ! አማርኛ የሚያወራ ሰው ፊልም ላይ አለ!» አስራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በኖርዌይ ቴሌቪዥን አማርኛ መስማት ለእሷ ትንግርት ነው። ቢላዬን እንደያዝኩ ሄድኩ። ነጭ ሽርጥ ያሸረጡ፣ ድስት በሁለት እጃቸው የያዙ አንድ ቀጭን ሰው ስክሪኑ ላይ ቆመው ይጮሃሉ። ልጄ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ሪሞቱን ነጥቄ አጠፋሁት።

«ምን አደረግኩ?» አለች።

ምንም አላደረገችም። ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ዱሮ። ያ ንዴት ወጥቶልኛል ብዬ ነበር፤ ለካ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ኖሯል።

በፈረንጆቹ 2008 ነው። ኦስሎ ዳርቻ ግሮሩድ በሚባል ሰፈር፣ ጫካው ጥግ ካሉት ፎቆች በአንዱ ከእናቴ ጋር እንኖር ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ነርሲንግ ለመግባት ጥሩ ነጥብ ያስፈልገኛል። ጋሽ ተካ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ደሴ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ኦስሎ ውስጥ ደግሞ ወደቡ ዳር ቢየርቪካ ከተሠሩት አዳዲስ ቢሮዎች የአንዱን ወለል ይወለውላሉ። ቢየርቪካ ያኔ ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ ክሬን ነበር። ስለ ሥራቸው ሲያወሩ ያስቁን ነበር። «ሰላይ ማለት እኔ ነኝ» ይላሉ። «ማን ስኳር እንደተከለከለ፣ ማን ተደብቆ ቸኮሌት እንደሚበላ ከቆሻሻ ቅርጫቱ አውቃለሁ።»

የፊልም ሰዎች ያገኟቸውም እዚያው፣ መወልወያቸውን እንደያዙ ነው። ወደቡ አጠገብ በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ቀለል ያለ የስለላ ኮሜዲ ይቀርጹ ነበር። ለፊልሙ ክፉ ሰውዬ ጠቆር ያለ ምግብ አብሳይ አስፈለጋቸው። ዳይሬክተሩ ጋሽ ተካን ድስት አስይዞ «በራስህ ቋንቋ ያሻህን ተናገር፤ ብቻ ተቆጣ» አላቸው። ጋሽ ተካን የሚያውቅ ሰው በዚህ ይስቃል። አውቶቡስ ጥሏቸው ሲሄድ እንኳ ለሹፌሩ እጃቸውን የሚያውለበልቡ ሰው ናቸው፤ ከየት አምጥተው ይቆጣሉ?

ፊልሙ በጥቅምት ወጣ። አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ጋሽ ተካ ሁለት ትኬት ከኪሳቸው አወጡ። እናቴ ተረኛ ነበረች፤ ደግሞም ከመጀመሪያውኑ ያሰቡት እኔን ነው። ባቡር ውስጥ በሙሉ ልብስና በከረቫት ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦

«እዚያ ውስጥ አንዲት ነገር ተናግሬአለሁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አይሰማትም። አንቺ ግን ትሰሚያታለሽ፤ ለዚህ ነው የምወስድሽ።»

«ምንድን ናት?»

«ትሰሚያታለሽ አልኩሽ እኮ።»

ሲኒማው ውስጥ የፈንዲሻ ሽታና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ተደባልቆ ነበር። ጋሽ ተካ ፈንዲሻ አልገዙም። ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አውጥተው እፍኝ ሙሉ ዘገኑልኝ። የቋንቋ መምህሬ የአንድ ፊልም ጠንካራና ደካማ ጎን ጻፉ ብላን ስለነበር ጉልበቴ ላይ ደብተር ዘርግቻለሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ፊልሙ ያስቃል። ሰላዩ ጫማው የሚንጫጫ ሰው ነው፤ በሄደበት ሁሉ ጫማው ያጋልጠዋል። ሳውና ውስጥ በወፍራም ካፖርት ተደብቆ ላብ ሲያጠምቀው፣ ከዚያም በእግር በሚገፋ የበረዶ ወንበር ቁልቁል ሲያመልጥ ከጎኔ የነበሩት አሮጊት በሳቅ ተንፈራፈሩ። አካሄዱ ፈጣን ነው፣ ሙዚቃው ልብ ያንጠለጥላል። ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ሰላይ የሚያስቅበት አገር የታደለ አገር ነው፤ በዚህ አልቀናባቸውም ብል ውሸት ይሆናል።

ከዚያ ጋሽ ተካ ድስታቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ክርኔን ነካ አደረጉኝ። ፊልሙ የኖርዌይ ስለሆነ የግርጌ ጽሑፍ የሚወጣው ሌላ ቋንቋ ሲመጣ ብቻ ነው። እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ጽሑፉ ወጣ፦ «አለቃ፣ ሾርባው ዛሬም ቀዝቅዟል! ምድጃ ካልገዛህ ሥራ ለቅቄአለሁ!» አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ። በኖርዌይ ትምህርት ቤት ያደገ ዓይን ከታች ጽሑፍ ሲያይ ያነባል፤ ጆሮውን አይጠብቅም። ቆሎው ትን እስኪለኝ ሳቅኩ። ጆሮዬ የደረሰው ሳቄ ግማሽ ላይ ሳለሁ ነው።

ጋሽ ተካ በአማርኛ የሚሉት እንዲህ ነበር፦ «ስንቁን የት አደረሳችሁት? ልጁንስ የት አደረሳችሁት? መቃብሩን እንኳ አሳዩን!»

ዞር ብዬ አየኋቸው። እኔን እንጂ ስክሪኑን አያዩም ነበር። ፊቴ ላይ የቀረውን ሳቅ አዩት።

በባቡር ግሮሩድ ደርሰን ወረድን። ከጣቢያው ወደ ፎቆቹ የሚወስደው ዳገት በእርጥብ ቅጠል ያንሸራትታል።

«ጋሽ ተካ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«ጽሑፉ ያስቃል፤ ምን ታደርጊ።»

«የማን ስንቅ ነው?»

የታናሽ ወንድማቸው ነው። በደርግ ጊዜ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ የሚኖር፣ ምሳ አብሯቸው የሚበላ ጎረቤት ጆሮ ጠቢ ኖሮ አስያዘው። ጋሽ ተካ ለስምንት ወር በየቀኑ እስር ቤቱ በር ላይ ስንቅ ይዘው ቆሙ። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ልጁ በልቷል ማለት ነው። አንድ ጧት ዘበኛው ምግቡን ሳይቀበል «ከእንግዲህ አታምጣ» አላቸው። የዚያን ጊዜ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የት ነው ብሎ የጠየቀ ደግሞ ራሱ ይገባል፤ እናታቸው ደግሞ ቤት እሳቸውን ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ ጋሽ ተካ ሳይጠይቁ ሳህኑን ይዘው ተመለሱ።

«ያ ፈረንጅ ድስት ሲያሲዘኝና ተቆጣ ሲለኝ» አሉ፣ «ሳላስበው ወጣ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩ። አንድ ሰው እንኳ ይስማልኝ ብዬ ነው።»

ያን ማታ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። እንዲህ ተናድጄ ጽፌ አላውቅም። የሰው ጩኸት ወስዶ ሾርባ ያደረገውን የግርጌ ጽሑፍ ጸሐፊ፣ «ይህ ሰው ምን እያለ ነው?» ብሎ አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ ያልጠየቀውን ዳይሬክተር አንድም ሳላስቀር አወረድኩባቸው። በሚቀጥለው ሳምንት መምህሬ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ደግ ሴት ነበረች። «ንዴትሽ ይገባኛል» አለች። «ግን ይህ ስለ ጎረቤትሽ እንጂ ስለ ፊልሙ አይደለም። ሚዛን ያስፈልገዋል። እንደገና ብትጽፊው ነጥብሽ ከፍ ይላል።»

እንደገና ጻፍኩት። ጠንካራ ጎን፦ ፍጥነቱ፣ ጫማው፣ ሳውናው፣ የበረዶ ወንበሩ፤ አጃቢ ተዋንያኑም አስቂኝ ናቸው። ደካማ ጎን፦ ፊልሙ ትንሽ ይረዝማል። ከስድስት አምስት አገኘሁ። ክፍል ውስጥም ተነበበልኝ።

እናቴ ደስ ብሏት ለሰው ሁሉ አወራች። ጋሽ ተካም ሰምተው አንድ ቀን በራችንን አንኳኩ። መነጽራቸውን አድርገው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡና «ስለ ፊልሙ ጻፍሽ አሉ። እስቲ አንብቢልኝ» አሉ።

እያነበብኩ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። የሌለ ነገር መጨመር እችል ነበር፤ ኖርዌጂያን ሲነበብ ብዙም አይገባቸውም። የመጀመሪያው ጽሑፍ ደግሞ እዚያው መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። አምስት ያገኘሁበትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። «አጃቢ ተዋንያኑም አስቂኝ ናቸው» ስል ድምፄ አልተለወጠም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

«ሌላስ?» አሉ።

«አለቀ።»

«ጥሩ ነው። ኖርዌጂያንሽ በጣም ጥሩ ሆኗል።» መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ሻይ ሳይጠጡ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ስለ ፊልሙም ስለ ወንድማቸውም አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ከስድስት ዓመት በኋላ ሞቱ። እዚሁ ኦስሎ ቀበርናቸው፤ የእሳቸውን መቃብር እንኳ እናውቀዋለን።

ዳይሬክተሩን እስከ ዛሬ አልማርኩትም። መምህሬንም፣ ያን ሚዛኗንም። ግን እነሱ አማርኛ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ ንዴቴ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኔው ላይ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ቴሌቪዥኑን መልሼ ከፈትኩት። ፊልሙን ወደ ኋላ መለስኩና መክተፊያዬን ከወጥ ቤት አምጥቼ፣ ሽንኩርቱን አራግፌ፣ ከስክሪኑ ግርጌ ደቀንኩት፤ ጽሑፉ ተሸፈነ። «አሁን ስሚ» አልኳት። ሶስና ሦስት ጊዜ ሰማች። በሦስተኛው ሳቋ ጠፋ።

«ስንቅ ምንድን ነው?» አለች።

ነገርኳት። ስለ ሳህኑ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ዘበኛው፣ ጋሽ ተካ ለምን እኔን መርጠው ሲኒማ እንደወሰዱኝ ሁሉንም ነገርኳት። መክተፊያውን ከእጄ ተቀብላ ራሷ ይዛ ድስት የያዙትን ሰው ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ማንም አልመለሰላቸውም?»

«ማንም።»

«አንቺስ ሰምተሽ የለ፣ ምን አልሽ?»

«ፊልሙ ትንሽ ይረዝማል አልኩ።»