ደርቆ የቀረው ጥግ

ስለ ዝናቡ ልጽፍ ስነሳ አስቀድሜ የማምነው ነገር ቢኖር ሰውየውን በቅጡ አለማወቄን ነው። ከአንድ የውድድር ዘመን በላይ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አብረን ተቀምጠናል። እኔ የወንዶች ሆኪ ሊግ ጨዋታዎችን ሰዓትና ጎል እመዘግባለሁ፤ እሱ ሜዳውን ያጠጣል። ይኸው ነው። እውነተኛ ስሙን የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ረስቼዋለሁ። ዝናቡ ያሉት ተጫዋቾቹ ናቸው።

ሜዳው ሰው ሰራሽ ሣር ነው፤ ካልራሰ ለሆኪ አይሆንም። ሲደርቅ ኳሷ ትነጥራለች፣ ከዱላው ላይም ትሾልካለች። ስለዚህ ዝናቡ ከጨዋታ በፊትና በእረፍት ፓምፑን ያስነሳና በሜዳው ዙሪያ የቆሙትን ስድስት መርጫዎች ይከፍታል። አምስቱ ራሳቸው እየዞሩ ይረጫሉ። ስድስተኛው፣ በሰሜኑ ጎል በኩል ያለው፣ ዝጎ አንገቱ አልዞር ካለ ዓመታት አልፈዋል። ዝናቡ አመልክቶ አመልክቶ ሲታክተው በገዛ እጁ ማዞር ጀመረ። አንገቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይይዝና፣ ፊቱን ወደ ጎን መልሶ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ይገፋዋል። ሲጨርስ ከራሱ እስከ ጫማው ይንጠባጠባል።

"ዝናቡ፣ የምታጠጣው ሣሩን ነው ወይስ ራስህን?" ይሉታል ተጫዋቾቹ።

"ከናንተ አንዱ ጎል ያግባ እንጂ እኔ ብበቅልም ግድ የለኝ" ይላል። ከዚያ ገብቶ ሸሚዙን ይጨምቅና ካልሲውን የፓምፑ ሞተር ላይ ያሰጣል። ሽታው ለሁለታችንም ይበቃ ነበር።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን በረኛ ታናሽ ወንድሙ እንደሆነ እንኳ ከእሱ አፍ አልሰማሁም። አንድ ቅዳሜ በረኛው መከላከያውን እንደታጠቀ፣ እንደ ቁም ሣጥን እየተወዘወዘ ወደ ክፍላችን ገባና "ወንድም ጋሼ፣ ደረቅ ፎጣ አለህ?" አለው። ዝናቡ ያለችውን አንድ ፎጣ ሰጥቶት የራሱን ፊት በእጅጌው ጠረገ። ቆይቶ እንደሰማሁት፣ አባታቸው ሲሞት ወንድምየው ገና ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገው ዝናቡ ነው። የመጀመሪያውን ዱላም ያስያዘው እሱ ነው፤ ሜዳ ላይ ተሰብሮ የተጣለ ዱላ በፕላስተር ጠቅልሎ።

በዚያ ዓመት ፋብሪካው ነገር አልቀናውም። ሊጉ ውስጥ ስምንት ቡድኖች አሉ፤ መጨረሻ የሚወጣው ይወርዳል። ፋብሪካው በአጋማሹ ላይ ስድስተኛ ነበር፤ ከዚያ ዋናው አጥቂ ታመመና አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ። አለቆቹም ከወረዳችሁ ቡድኑ ይፈርሳል ብለው ቁርጡን ነገሯቸው። ተጫዋቾቹ በወረቀት የፋብሪካ ሠራተኞች ይባሉ እንጂ ማሽን ነክተው አያውቁም፤ ቡድኑ ከፈረሰ እንጀራቸውም አብሮ ይሄዳል። ወንድምየው ሌላ ሙያ የለውም፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ነበረች። በእነዚያ ሳምንታት ዝናቡ አንገቱን አስግጎ የደረጃ ሰንጠረዡን ከመዝገቤ ላይ ያይና ወደ ፓምፑ ይመለሳል።

የመጨረሻው ጨዋታ ከባንኩ ቡድን ጋር ነበር። ፋብሪካው ላለመውረድ አቻ መውጣት ይበቃዋል። ባንኮች ግን በቅጣት ኮርነር የሚያህላቸው አልነበረም። በቅጣት ኮርነር ኳሷ ከጎሉ መስመር ወደ ግማሽ ክቡ ጫፍ ትገፋለች፣ አንዱ ያቆማታል፣ ሌላው ይመታታል። የባንኩ መቺ በዚያ ዓመት በዚህ መንገድ ብቻ አስራ ዘጠኝ ጎል አግብቷል። ታዲያ ኳሷ ሳትነጥር መጥታ እንድትቆም ሣሩ መራስ አለበት።

የመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለአንድ አለቀ። ፀሐዩ ጠራራ ነበር። ከእረፍት በኋላ ባንኮች የሚያጠቁት ወደ ሰሜኑ ጎል ነው።

ከጠረጴዛዬ ሆኜ አየሁት። ዝናቡ ውኃውን ለቀቀ፣ ወደ ስድስተኛው መርጫ ሄደ፣ ጨርቁን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። ውኃው ከጎሉ ጀርባ ባለው ሲሚንቶ ላይ ብቻ ይወርድ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ዘግቶ መጣ። ሸሚዙ ደረቅ ነበር።

የባንኩ አሰልጣኝ ሳይቆይ ነቃና ጥጉ ደርቋል እያለ ወደ ዳኛው ሄደ። ዳኛው ዝናቡን አስጠርቶ ጠየቀው። እሱም መርጫው የተበላሸ መሆኑን ለስንት ጊዜ እንዳመለከተ ተናገረ፤ ሐሰት አልነበረበትም። የእረፍቱ ሰዓት ስላለቀ ጨዋታው ቀጠለ። ባንኮች አምስት የቅጣት ኮርነር አገኙ፤ በአምስቱም ኳሷ እየነጠረች ከዱላ ሸሸች። በአምስተኛው መቺው ዱላውን መሬት ላይ ጣለው።

ሦስት ደቂቃ ሲቀር አንድ የባንክ አጥቂ ብቻውን ሾልኮ ገባ። በረኛው እንደ ልማዱ እግሩን አስቀድሞ፣ ተንሸራቶ ሊያስቆመው ወጣ። በረኛ የሚንሸራተተው በራሰ ሣር ላይ ነው። ይህን ከዝናቡ ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ ግን ያን ቀን ያሰበው ስለ ኳሷ ብቻ ይመስለኛል። የእግር መከላከያው ደረቁ ሣር ላይ ተያዘ፤ ሰውነቱ ግን አልቆመም። ኳሷ ደረቱን መትታ ወጣች። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ የዱላ ድምፅ መስሎኝ ነበር።

አንድ ለአንድ አለቀ፤ መዘገብኩት። ፋብሪካው ሊጉ ውስጥ ቀረ። ተጫዋቾቹ መሀል ሜዳ ላይ ተቃቀፉ። ዝናቡ የወንድሙን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ ተቀምጦ ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ ገባ እንዴ?" ይለዋል ወንድሙ እየደጋገመ።

"አልገባም።"

የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሐኪሙ ግን ስለ ሆኪ አላነሳም፤ ደረጃ ሲወርድ ድጋፍ እንዲይዝ ብቻ መከረው። ፋብሪካው ሌላ በረኛ ቀጠረ። እሱን ለጥቂት ወራት በር ጠባቂ አደረጉትና፣ መቆም ሲያቅተው አሰናበቱት። አሁን ከነሚስቱና ከነሕፃኑ ዝናቡ ቤት ነው የሚኖረው። ይህን የነገረኝ ዝናቡ ራሱ ነው፣ ሸሚዙን እየጨመቀ። ሁለት ክፍል ናት አለኝ፤ ወንድሙ ልጁን ታቅፎ መንጎራደድ ስለማይችል፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ የሚያባብለው ዝናቡ ነው።

በአዲሱ የውድድር ዘመን የመጀመሪያ ቀን፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ወራት ሙሉ ስውጠው የከረምኩትን ጥያቄ እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም።

"ያን ቀን መርጫውን ያላዞርከው..." ብዬ ጀመርኩ፤ "አውቀህ ነው?"

ዝናቡ ቀና ብሎ አየኝ። የተቆጣ አይመስልም።

"ወንድሜ ጠይቆኝ አያውቅም" አለ። "አንተም አትጠይቀኝ።"